ልጆቹ የሚወስኑበት መደብ

ለተግባር ልምምድ የደረሰኝ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ፣ ስናን ወረዳ ውስጥ ያለ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ነበር። ትምህርት ያቋረጡና ለክረምት ዕረፍት የመጡ ወጣቶችን ሰብስቤ ስለ ተሻሻለ እርሻ እንዳስተምር፣ በግብርና እንዲቀጥሉም እንዳበረታታ ተነግሮኛል። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ነበር። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ያስተማረኝ ከእርፍና ከጅራፍ እንድላቀቅለት ነው፤ የእናቴም ጸሎት ይኸው ነበር። ግብርና ያጠናሁት ምደባ ሆኖብኝ እንጂ መርጬው አይደለም። እንግዲህ እኔ ልወጣበት የታገልኩትን ኑሮ ሌሎች ልጆች እንዲወዱት ላስተምር ነው። ማታ ማታ ለነገ የምናገረውን ስጽፍ ቃሉ ሁሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚሰማኝም አልነበረም። ክረምት ለዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ነው፤ ለጎጃም ደጋ ግን የዓመቱ እንጀራ የሚወሰንበት ጊዜ ነው። ድንች ይኮተኮታል፣ ገብስ ይታረማል፣ የጤፍ መሬት ይደጋገማል፣ ከብት ከሰብል ይጠበቃል። የማዕከሉ አግዳሚ ወንበሮች ባዷቸውን ዋሉ። መላውን የሰጠችኝ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ናት። «በሥራ ቀን ማን ይመጣልሃል? ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔ ዓለምን ጠብቅ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በየወሩ በ12፣ በ21፣ በ27 በሬ አይጠመድም። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው መስክ ላይ አረፍ ይላል፤ ትምህርቱም ከዚያ ሆነ።

ስለ ምርጥ ዘርና በመስመር ስለ መዝራት ተናግሬ ስጨርስ አንድ ወጣት ተነሣ። «መምህር፣ ያልከው ጥሩ ነው። በማን መሬት ላይ ላድርገው?» አለኝ።

ያልጠበቅሁት ጥያቄ አልነበረም፤ እንዳይነሣ የምፈራው ነው። በክልሉ የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከፊቴ የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ ያኔ አልተወለዱም። የወላጆቻቸው ይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል፤ ለአምስትና ለስድስት ልጅ ቢቆራረስ ግን ለማንም አይበቃም። ስለዚህ ወጣቱ ወይ አባቱን ይረዳል፣ ወይ የባልቴት መሬት የእኩል ያርሳል፣ ወይ ከተማ ይወርዳል። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የገቡት ተማሪዎች የሚያስረዱት የመሬት አዋጅ በእጃቸው ነበር። በእኔ እጅ ያለው የማስተማሪያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ያን ዕለት የያዝኩትን ምስጢር አወጣሁላቸው። እኔም ከእርሻ ለመውጣት እንደተማርኩ፣ «እርሻን ውደዱ» ልላቸው አፌ እንደማይደፍር ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ያ የጠየቀኝ ልጅ፣ «እኔ እርሻ አልጠላሁም። የሰለቸኝ ምን ልዝራ ብሎ የሚጠይቀኝ መታጣቱ ነው» አለ። ስለ ገጠር ወጣት ካነበብኩት ሁሉ ይህ ንግግር ይበልጥብኛል። ወጣቱ ሥራ ጠልቶ ይኮበልላል ይባላል። እኔ ያገኘኋቸው ልጆች ግን ከንጋት እስከ ምሽት የሚሠሩ ናቸው፤ የሌላቸው የሚወስኑበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ለልጆች የተሰጠበት ጊዜ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አባቶች አዲሱን የበቆሎ አስተራረስ አንቀበልም ባሉበት ጊዜ፣ ባለሙያዎች ወደ ልጆቹ ዞረው የበቆሎ ክበብ አቋቋሙ። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ኤከር የሚያህል የራሱ ማሳ ነበረው። ዛሬ ፎር ኤች የሚባለው የወጣቶች ማኅበር ከዚያ የበቀለ ነው። እኛ ደግሞ ክበቡን እናቋቁምና ማሳውን እንረሳለን።

እኛም ማሳውን እንዳንረሳ፣ ከልጆቹ የአንዱን አባት ጥግ መሬት እንዲሰጡን ለመንናቸው። «ልጆቹ ቢያበላሹትስ ማን ይክሰኛል?» አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በመጨረሻ የሰጡን እንግዶ ከሚባለው አጃ በቀር የማያበቅል፣ በቀጣዩ ዓመት ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት ያሰቡት ቀይ ተዳፋት ነው። ከዚያ የተሻለ ሊሰጡን አይችሉም ነበር! የዚያ አገር ሕመም እዚያ ጥግ ላይ ነው ያለው። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩ ይኮመጥጣል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ሥሩን ይመርዘዋል፣ ማዳበሪያ ሆኖ የተጨመረውም ፎስፈረስ በአፈሩ ይያዝና ሰብሉ አያገኘውም። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ለምን እንደማይሠራለት ሳያውቅ መሬቱን «ደከመ» ይለዋል።

ሁለት መደብ አስቤ ነበር፤ አንዱ ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰው ኖራ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። አንዲት እምብዛም የማትናገር ልጅ፣ «እናቴ ጓሮ ጎመን ላይ የምድጃ አመድ ትበትናለች። ለአመድም አንድ መደብ ይሰጠው» አለች። የእንጨት አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት እንደሚቀንስ እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፤ እሷ ከጓሮ ነው ያመጣችው። ሦስተኛውን መደብ እሷ መራችው። ወንድሞቿ ውኃና አፈር ሲያመላልሱ የምታዛቸው እሷ ነበረች።

ኖራው ከአፈሩ እስኪዋሐድ ጠብቀን ገብስ ዘራን፤ ዘግይቷልና ለፍሬ ሳይሆን ለማየት ነው። ጳጉሜ ላይ ባዶው መደብ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የኖራው ለምለም ነው። የአመዱ ከኖራው ቢያንስም ከባዶው በብዙ ይበልጣል። ልጆቹ ከሦስቱም እየነቀሉ ሥሩን አስተያዩ፤ የባዶው ሥር አጭርና ደንዳና ነበር።

መሬቱን የሰጡን አባት መጥተው ዝም ብለው አዩና፣ «ለሁለት ጥማድ ስንት ኖራ ይፈጃል?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁ፤ እኔን አይደለም። ልጁ ደብተሩን አወጣ። መጠኑ እንደ አፈሩ ቢለያይም በሄክታር 30 ኩንታል ብሎ ያዘ፤ ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ገደማ ስለሆነ 15 ኩንታል መጣ። መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ይምጣ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በአህያ ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጭን ሠላሳ ጭነት ይሆናል። አባትዬው አሰቡና፣ «ጥር ላይ ውቂያ ሲያልቅ አህዮቹ ያርፋሉ» አሉ። ከዚያም አባትና ልጅ ተቀምጠው የማን ቤት ስንት አህያ እንዳለው፣ ከማን ጋር በወንፈል ቢጋገዙ እንደሚሻል መቁጠር ጀመሩ።