በእጅ የያዙት ወርቅ፦ የዴቪድ ሞይስ ነገር

ስለ ዴቪድ ሞይስ ሲነሳ ለብዙ ተመልካች ቶሎ ትዝ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ማንችስተር ዩናይትድ፣ 10 ወር፣ ስንብት። ሰውዬው በአሰልጣኝነት ከ25 ዓመት በላይ ሠርቷል። የሚፈረድበት ግን በእነዚያ 10 ወራት ነው። ፍርዱ ትክክል ነው ወይ?

እስቲ ነገሩ ከሥሩ ይታይ። ሞይስ ከፕሬስተን ወደ ኤቨርተን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ክለቡ ያኔ ላለመውረድ ይታገል ነበር። በ2004 ክረምት ዋይኒ ሩኒ ለዩናይትድ ተሸጠ። «ኤቨርተን አለቀለት» በተባለበት በዚያው የውድድር ዓመት ሞይስ ሊጉን 4ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ11 ዓመት ቆይታው ዋንጫ አላነሳም። የሊጉ አሰልጣኞች ማኅበር ግን የዓመቱ ምርጥ ብሎ 3 ጊዜ መርጦታል።

በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ወንበራቸውን ለእሱ አስረከቡ። ውሉ የ6 ዓመት ነበር። የተረከበው ግን ተከላካዮቹ ያረጁበትን ቡድን ነው፤ ለዓመታት ክለቡን የመራው ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም በዚያው ክረምት ኃላፊነቱን ለቋል። ሞይስ ተሳስቷል፣ አዎ። ታዲያ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ከሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየርና ቴን ሃግ ለምን የሊግ ዋንጫ ሳያነሱ ተሰናበቱ?

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሆነ። ሪያል ሶሲዬዳድ በ1 ዓመት አሰናበተው፤ ሰንደርላንድ በእጁ ላይ ወረደ። በ2017 ዌስትሃም ለ6 ወር ቀጠረው። ቡድኑን ከመውረድ አተረፈ፤ ውሉ ግን አልታደሰም። ክለቡ የፈለገው ትልቅ ስም ነበርና ማኑኤል ፔሌግሪኒን አመጣ። በ2019 መጨረሻ ቡድኑ ሲንገዳገድ የተደወለው ለማን ነው? ለዚያው ለሞይስ። በ2023 ፕራግ ላይ ፊዮረንቲናን 2 ለ 1 አሸንፎ የኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫን አነሳ። ዌስትሃም ከ1980 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው።

ኳሱ አሰልቺ ነው የሚሉት ጨርሶ አልተሳሳቱም። ሞይስ መጀመሪያ በሩን ይዘጋል፤ ማጥቃት ከዚያ በኋላ ነው። የዌስትሃም ደጋፊዎችም ይህ ሰልችቷቸው በ2024 ሲለያዩ ብዙ አልከፋቸውም። ነገር ግን የመውረድ አደጋ ያንዣበበበት ክለብ የሚፈልገው ይህንኑ በር የሚዘጋ ሰው ነው። ክለቦች ሲጠግቡ ውበት ያምራቸዋል፤ ሲቸግራቸው ሞይስን ይጠራሉ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በጃንዋሪ 2025 ዌስትሃም የሞይስን ተተኪ ሎፔቴጊን ባሰናበተበት ሳምንት፣ ከወራጅ ቀጠናው በ1 ነጥብ ብቻ ከፍ ብሎ የነበረው ኤቨርተን ደግሞ ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ ሞይስን መልሶ ጠራ። በሜይ ሊጉ ሲያልቅ ኤቨርተን በ48 ነጥብ 13ኛ ነበር።