ጂሚ ማክግሮሪ እና የደሞዙ ነገር

ዛሬ ስለ አንድ የድሮ አጥቂ ላውራችሁ። ጂሚ ማክግሮሪ ይባላል፤ የግላስጎው የድሃ ልጅ። ከ1922 እስከ 1937 (እ.ኤ.አ.) ለሴልቲክ በሊጉ ብቻ ከ390 በላይ ጎል አግብቷል። በተለይ በቴስታ አይቻልም ነበር! በጥር 1928 ዳንፈርምሊን ላይ በአንድ ጨዋታ ብቻ 8 አስቆጠረ። ስምንት!

በዚያው ዓመት ክረምት የአርሰናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ሊገዛው መጣ። ሴልቲክም ብሩን ፈልጎ ሊሸጠው ተስማምቶ ነበር። ልጁ ግን እምቢ፣ ከክለቤ አልወጣም አለ። ክለቡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳይነግረው ከጓደኞቹ ያነሰ ደሞዝ ይከፍለው ጀመር። ጎሉን የሚያገባው እሱ፣ ደሞዙ የሚያንሰው የእሱ! በኋላ ሲሰማ እንኳ አልቆጨውም አሉ።

እኔን ግን ይቆጨኛል። እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ አሁንም እዚያው ነህ?" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ እዚያው ነኝ፤ ማስተማር እወዳለሁ። ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ትንሽ ይበቃዋል ያለው ማነው? የቤት ኪራይ እኮ በፍቅር አይከፈልም።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ጎል እያለው ለስኮትላንድ የተሰለፈው 7 ጊዜ ብቻ ነው። ቦታው ላይ ሂዩ ጋላከር ነበራ! የጋላከርን ጉድ ደግሞ ሌላ ቀን።