በሩን እዩት፤ ክፍት ነው

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ አረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን ቦሌን ሲያጥለቀልቁ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሴቶች ማረፊያ በበጎ ፈቃድ አገለግል ነበር። በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። እኛ ዘንድ የደረሱት በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ወጣቶች ነበሩ።

የመመዝገቢያው ቅጽ «ምን ደረሰብሽ?» ይላል። መልሳቸው «ምንም» ነው። የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ይቀመጣሉ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይሰቀላል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ቀን ደግሞ ራሴን፣ ጨጓራዬን፣ ልቤን ነው። ክሊኒክ ሄደው ሲመረመሩ ምንም አይገኝባቸውም። «ደህና ነሽ» ተብለው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የማየው ንዴት እስካሁን አይረሳኝም፤ ውሸታም የተባሉ ያህል ነበር የሚከፋቸው።

ሁላችንም «ሲስተር» የምንላቸው አንዲት አንጋፋ ነርስ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ አስነጥፈው ያሰባስቧቸዋል። ከእሳቸው በፊት የመጣ አንድ አሠልጣኝ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በጥልቀት ተንፍሱ» ሲል፣ አንዷ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሮጣ ነበር። የአሠሪዋን ኮቴ እያዳመጠች ላደረች ልጅ ዓይን መጨፈን ዕረፍት አይደለም። ሲስተር ግን «ዓይናችሁን ግለጡ። በሩን እዩት፤ ክፍት ነው» ይላሉ። ቀጥሎ በባዶ እግር ወለሉን መርገጥ፣ በመዳፍ ግድግዳ መግፋት። ትንፋሹም ሲወጣ ከገባበት ይረዝማል፤ የሚፋጅ ሻይ እንደማብረድ። አየር ወደ ውጭ ስናወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት የወሎ ልጅ ግድግዳውን እየገፋች ሳለ ጭኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ክንዷ፣ ከዚያ መንጋጋዋ። «ለክፏት ነው» አለች አንዷ፤ ሌላዋ «ቢስሚላህ» እያለች ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ሲስተር አልያዟትም። «እጄን ጀርባሽ ላይ ላሳርፍ?» ሲሏት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፤ አጠገቧ ቁጭ አሉ። መንቀጥቀጡ ሲበርድላት ደጋግማ አዛጋችና «ያ በር አልተከፈተልኝም ነበር» አለች። ሲስተር «የቱ በር?» አላሉም። ቅጹም ባዶውን ቀረ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከአዳኝ ያመለጠ የዱር እንስሳ ተንቀጥቅጦ ድንጋጤውን እንደሚያራግፍ፣ ሰው ግን ይህን አፍኖ እንደሚይዝ ጽፏል። ሐሳቡ ደስ ይለኛል፤ ሁሉን ያድናል ሲሉኝ ግን አላምንም። ከሴቶቹ መካከል የአእምሮ ሐኪም ማየት፣ መድኃኒት መውሰድ የነበረባቸው ነበሩ። የብዙዎቹም የጉዞ ብድር ገና አልተከፈለም ነበር።

የወሎዋ ልጅ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትሰናበት፣ «ሲስተር፣ ደላላው ብድሩን ሊጠይቅ አባቴ ደጅ ሲመጣስ ግድግዳ ልግፋ?» አለቻቸው። ሲስተር እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው «ስንት ነው የቀረብሽ?» አሏት።