መድኃኒቱ ከሰውየው ጋር ይሂድ

ከኬላው ማዶ የምትታየን ሄሉ የኬንያዋ ሞያሌ ሠፈር ናት። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከአባላቱ ብዙዎቹ በዚህች ከተማ በኩል ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ጦርነቶች አልፈዋል። ከግንባር የተመለሰን ሰው ቅዠትና ቁጣ እቤቱ ድረስ እንደሚከተሉት የወታደር ሚስቶች ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ቁጣው ወደ ጠብ፣ ጠቡም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያደረሰው እንደሆነስ?

አንድ የቀድሞ ወታደር በድብደባ ተከሶ ችሎት ሲቀርብ ተመልክተናል። አንድ ቦታ መቆም ተስኖት እግሩን እያፈራረቀ ይረግጥ ነበር፤ ሲጠየቅም ፊቱ እንደ ደረቀ፣ መልሱ እንደ ዘገየ ነበር። ከታዳሚው መካከል «ችሎት የናቀ ጥጋበኛ!» ያሉ አልጠፉም። ባለቤቱ ግን በነጠላዋ ጫፍ የሐኪም ወረቀት ቋጥራ ነበር። ሰውየው ሃሎፔሪዶል ይወስዳል። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ዕረፍት የሚነሣ መቁነጥነጥ ያመጣል፤ ጡንቻን ያግታል፣ ፊትንም ያደርቃል። ሐኪም ቢያውቀው መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። ወረቀቱን ግን ማንም አልጠየቃትም። እኛ በአካዳሚ ቀጥ ብሎ መቆምን የዲሲፕሊን መለኪያ አድርገን ተምረናል፤ መለኪያው ለሕመምተኛ አይሠራም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 51 የተከሳሹ ኃላፊነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል፤ ባለሙያውም ተገቢ ስለሚሆነው ሕክምና ጭምር እንዲያስረዳ ይፈልጋል። የኬንያም የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 162 ተመሳሳይ ምርመራ ያዛል። ሕጉ ይህን ያህል አርቆ አይቷል። ነገር ግን አንጋፋው አማኑኤል ሆስፒታል የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ከሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ባለሙያው እስኪገኝ ሰውየው በማረፊያ ቤት ይቆያል፤ አደጋውም ያለው በእነዚያ ቀናት ነው።

ዲያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። የአእምሮ መታወክ መድኃኒት የተቋረጠበትም ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ጠባቂዎች ጸጥታ ሲፈልጉ እስረኛው በማደንዘዣ እንዲፈዝ የሚደረግበት ቦታ በዓለም ላይ ሞልቷል። ያ ሕክምና አይደለም። ለጦርነት ቅዠት ዛሬ የሚመከረው ከባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምናና እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት እንጂ ዲያዜፓም አይደለም። (ጫትማ እንቅልፍ ነሥቶ፣ መጠራጠርን አባብሶ ነገሩን ሁሉ ያበላሻል፤ ባሎች ይህን መስመር ዘለው እንዳያልፉት!)

በአሜሪካ የቡፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀድሞ ወታደሮች የተለየ ችሎት ተቋቁሟል፤ ተከሳሹ በዳኛ ክትትል ይታከማል፣ ሌላ የቀድሞ ወታደርም በአማካሪነት ከጎኑ ይቆማል። እኛ ዘንድ ያ እስኪመጣ የሚስት እጅ አለ። እኅቶቻችን፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት ከሐኪሙ በሁለት ቅጂ አጽፉ፤ አንዱን ለጣቢያው ኃላፊ ስጡና ስለ መቀበሉ አስፈርሙ። የፋብሪካውን መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱን ዋና ስም አጽፉ፤ ያው መድኃኒት ሄሉ ውስጥ በሌላ መጠሪያ ሊሸጥ ይችላልና።