ጃፓንኛን በአማርኛ በኩል ስለ መማር

አሜሪካዊው ሐኪምና ሚስዮናዊ ጄምስ ሄፕበርን እ.ኤ.አ. በ1867 ያሳተመው የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መንገዱን ከጠረገ ወዲህ፣ እንደ እኛ ያለው ባዕድ ተማሪ ወደ ጃፓንኛ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በር ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎ የያዘውን ምሥጢር ጃፓንኛ ለብዙ ግሶች አካፍሎት ስለሚገኝ፣ ተማሪው ከእነዚህ የትኛውን እንደሚመርጥ ሲጨነቅ ይኖራል።

«ፕሌይ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሕፃናት በሜዳ ሲጫወቱ ጃፓኖች «አሶቡ» ይላሉ፤ ቤዝቦል ለሚጫወት ሰው ግን ይህ አይስማማውም፣ «ሱሩ» ማለትም «ያደርጋል» ይባልለታል እንጂ፤ በመድረክ የሌላውን ሰው ጠባይ ተላብሶ ለሚታይ ተዋናይም «ኤንጂሩ» የሚል ግስ ተለይቶ ተሰጥቶታል። ወደ ዜማ መሣሪያዎች በደረስን ጊዜ ደግሞ ክፍፍሉ ይበልጥ ይረቃል፤ ኮቶና ሻሚሴን የተባሉት ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ፒያኖም ጭምር፣ በ«ሂኩ» ሲነገሩ፣ ሻኩሃቺ የተባለው የቀርከሃ ዋሽንት በ«ፉኩ» ይነፋል፣ ታይኮ የተባለው ከበሮም በ«ታታኩ» ይመታል። እንግሊዛዊው ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ትምህርት ሊያጠናው ግድ ነው፤ በማኅሌት ከበሮ ሲመታና ጽናጽል ሲጸነጸል፣ በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር፣ በበዓል ቀን መለከትና እንቢልታ ሲነፋ እየሰማ ያደገ ሰው ግን መሣሪያው ሁሉ የየራሱ ግስ እንዳለው ከእናቱ ልሳን አስቀድሞ ተምሮታል፤ የሚሳሳተውም እንግሊዝኛውን በመካከል ሲያስገባ ነው። «ፒያኖ ተጫወተ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች በገዛ አማርኛችን ላይ ያንኑ ጉዳት ማድረሳቸውን ሳልናገር አላልፍም።

በልብስ ነገርም እንዲሁ ነው። ጃፓኖች ከትከሻ ለሚወርድ ልብስ «ኪሩ»፣ ለሱሪና ለጫማ «ሃኩ»፣ ለባርኔጣ «ካቡሩ»፣ ለመነጽር «ካኬሩ» ሲሉ፣ እኛም ጫማ ተጫማ፣ ቀበቶ ታጠቀ፣ ጥምጥም ጠመጠመ፣ ዘውድ ደፋ እንላለን፤ ድንበሩ በየስፍራው ባይገጥምም የመለየቱ ልማድ አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ግን «ዋካሩ» የሚለው የመረዳት ግስ ነው። እንግሊዝኛውን የተከተለ ተማሪ ሰውየውን ባለቤት፣ ቋንቋውን ተሳቢ አድርጎ «ኦ» የሚለውን ምልክት ያስገባል፤ ትክክለኛው ግን «ኒሆንጎ (ጃፓንኛ) ጋ ዋካሩ» ነው፣ በዚህም «ጋ» የሚያመለክተው ባለቤት ራሱ ቋንቋው ነው። አማርኛም «ጃፓንኛ ይገባኛል» ሲል የሚገባው ቋንቋው ነው፣ ሰው ተቀባይ ብቻ ነው። ይህን ያህል የሚቀራረብ አገባብ በእጃችን ሳለ በሩቅ መንገድ መዞራችን እጅግ ያሳዝነኛል።

በመስጠት ነገር ላይ ግን አማርኛም እንግሊዝኛም አይረዱንም። ከእኔ ወገን ወደ ሌላው ሲሄድ «አጌሩ»፣ ከሌላው ወደ እኔ ወገን ሲመጣ «ኩሬሩ» ይባላል፤ ስለዚህም ወንድሜ ለጎረቤት መጽሐፍ ቢሰጥ በፊተኛው፣ ጎረቤት ለወንድሜ ቢሰጥ በኋለኛው ግስ እናገራለሁ፤ እኔ ራሴ ሰጪም ተቀባይም ባልሆን እንኳ፣ የቆምኩበትን ወገን ሳልለይ ግሱን ልመርጥ አልችልም።