ትሬድ ወይስ አሲንክ?

በፓይተን ከድረ ገጾች መረጃ መሰብሰብ የጀመሩ ወጣቶች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ፕሮግራማቸው ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ ነው። አንድ ገጽ ሲጠየቅ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው የሰርቨሩን መልስ በመጠበቅ ነው። ሁለቱም ዘዴዎች አንዱ ጥያቄ መልስ ሲጠብቅ ሌላውን እያስኬዱ የሚያተርፉልን ይህንኑ ጊዜ ነው።

«ፓይተን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሠራ ጊል የሚባል ቁልፍ ስላለው ትሬድ አይጠቅምም» ሲባል ትሰማላችሁ። ለዚህ ሥራ ግን አባባሉ ልክ አይደለም። አንድ ትሬድ ከኔትወርክ መልስ ሲጠብቅ ቁልፉን ይለቃል፤ ሌላው ይቀጥላል። ጥቂት መቶ ገጾችን ለመሰብሰብ «ሪኩዌስትስ» የተባለው ላይብረሪ እና የትሬድ ፑል ይበቃሉ። ኮዱ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ ስህተት ፍለጋውም ይቀላል። እኔ ጀማሪዎችን ሁሌም ከዚህ ነው የማስጀምረው። (ገጹን አውርዶ መተንተን ከባድ ከሆነ ግን ሁለቱም አያድኑም፤ ያ የፕሮሰሰር ሥራ ስለሆነ በብዙ ፕሮሰስ መከፋፈል አለበት።)

አሲንክ ዋጋው የሚታየው በአንድ ጊዜ የሚከፈቱት ግንኙነቶች በሺህ ሲቆጠሩ ነው። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ሜሞሪ ይፈልጋል። በአሲንክ አንድ ትሬድ ብቻውን ሁሉንም ያዳርሳል፣ ብዙ ምጣድ እንደጣደች ጋጋሪ፤ አንዱ እስኪበስል በሌላው ላይ ሊጥ ታፈስሳለች። አንዱ ምጣድ ላይ ቆማ ከቀረች ግን የቀረው ያርራል። በአሲንክ ፈንክሽን ውስጥ «ሪኩዌስትስ»ን መጥራት እንዲህ ነው፤ መልሱ እስኪመጣ ሁሉም ይቆማል፣ የታሰበው ፍጥነትም አይገኝም። ስለዚህ «ኤአይኦ ኤችቲቲፒ»ን የመሰለ ለአሲንክ የተሠራ ላይብረሪ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከወዲያ ያለው ሰርቨር ነው። «ኤአይኦ ኤችቲቲፒ» ካልነካችሁት በአንድ ጊዜ እስከ 100 ግንኙነት ይከፍታል፤ ከእነዚህ ስንቱ ወደ አንድ ድረ ገጽ እንደሚሄድ ግን አይገድብም። መቶውም በአነስተኛ ኪራይ በሚተዳደር የአማርኛ ጋዜጣ ገጽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ ገጹን የሚያጣው ለማንበብ የመጣው ሰው ነው። በአንድ ጊዜ የሚያልፉትን ቁጥር በሚወስነው በሴማፎር ገድቡት፤ ለአንድ ድረ ገጽ ሁለት ሦስት ግንኙነት ይበቃል። ድረ ገጹ ለሮቦቶች የፈቀደውንና የከለከለውን የሚገልጸውን «ሮቦትስ ቴክስት» ፋይል አንብባችሁ ጀምሩ። ሰርቨሩ 429 ከመለሰ «አበዛችሁት» እያለ ነውና ቆም በሉ፤ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለባችሁም አንዳንዴ አብሮ ይነግራችኋል።

የምትፈልጉት የአማርኛ ዊኪፒዲያ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ዊኪሚዲያ ሙሉ ይዘቱን በፋይል አዘጋጅቶ በነፃ ስለሚያቀርብ እሱን ማውረድ ይበቃል።