የመምህር ጆሮና የዘመኑ መሣሪያ

ልጆቻቸውን ወደ ኮሌጅ የላኩ ወላጆች በዛሬው ጊዜ በተገናኙ ቍጥር የሚጠያየቁት ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ ይዞት የሚመጣው ማርክ የራሱ ነው ወይስ የእጅ ስልኩ? የሚል ነው። እኔም ልጄ መምህርት ለመሆን በእንጅባራ ስለምትማር፤ ይህን ጉዳይ በኮሌጅ ከሚያስተምሩ ወዳጆቼ ጋር ደጋግሜ አንሥቼዋለሁ። የሁሉም ቃል ይመሳሰላል። ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለዓለም ከተገለጠ ወዲህ፤ ተማሪው ጽፎ የሚያስረክበው ወረቀት በድንገት አማረ፤ በክፍል ውስጥ በአፉ የሚሰጠው መልስ ግን እንደ ድሮው ነው ይላሉ።

መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባ ጊዜ፤ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት፤ ያውም በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ እርሱ ስለሚወስደው፤ ለመምህሩ የሚቀራቸው ጥቂት የመግቢያና የመደምደሚያ ቃል ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ መስተዋቱ አያየውም፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ ቆሞ አይጠብቅም። ዛሬ በኮሌጅ ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ያን ጊዜ በዚያ መስተዋት ፊት የተቀመጡ ልጆች ስለ ነበሩ፤ ስለ መሣሪያ ሲናገሩ በስማ በለው አይደለም።

በፍርድ ቤቶቻችንም የፕላዝማ ችሎት ከተለመደ ቆይቷል። በዚህኛው ግን ዳኛው ባለጉዳዩን ያያሉ፤ ባለጉዳዩም ይመልሳል፤ ለሩቅ አገር ሰውም የመንገድ ድካምና ወጪ ቀርቶለታል። ስለዚህ ጥፋቱ የመስተዋቱ አይመስለኝም፤ አንደኛው ይሰማል፤ ሁለተኛው አይሰማም ነበር።

የቅኔ ጉባኤን ያየ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል። ተማሪው የግዕዙን ግስ በልቡ ይዞ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ 8 ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየደረጃው ይወጣል። የቈጠረውንም ከየኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። የኔታም ይሰሙታል፤ ቤቱ ቢሰበር፤ ምሥጢሩ ቢጐድል እዚያው ያቀኑለታል። የባልንጀራውን ቅኔ ይዞ የቀረበ እንደሆነ፤ ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ? ሲሉት ዓይኑ ወደ መሬት ይወርዳል። እኔ ከዚያ ወጥቼ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳና የታተመ መጽሐፍ ባገኝ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የናፈቀኝ ግን ያ በየቀኑ የሚሰማኝ ጆሮ ነው።

በየፍርድ ቤቱ ደጅ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ጽሕፈታቸው ያማረ ነው፤ የሕግ ቍጥርም አይጐድለውም፤ ባለጉዳዩ ግን አንዳንድ ጊዜ በስሙ የተጻፈውን ነገር አያውቀውም። ማመልከቻ ማስጻፍ ግን ነውር አይደለም። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው ባለጉዳዩን ያቆሙና፤ በል አንተ ራስህ አስረዳ ይሉታል፤ ነገሩ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከወዳጆቼ አንዱ በኮሌጁ እንዲሁ ማድረግ ጀምረዋል። ስልክ ተጠቅመሃል ብለው ማንንም አይከሱም። ወረቀቱን ከፊታቸው ዘርግተው ተማሪውን ለ10 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡትና፤ ይህን ቃል ስለ ምን መረጥህ? እስቲ ምሳሌውን ከዳንግላ ገበያ አምጥተህ ንገረኝ ይሉታል። ነገር ግን ተማሪዎቹ 50 ሲሆኑ ይህ ከ8 ሰዓት ይበልጣል፤ ያም ከቤታቸውና ከልጆቻቸው የሚወሰድ ሰዓት ነው። የተማሪውን ብዛት ሳይቀንሱ፤ ለዚህ ድካም የሚገባውንም ሳያስቡ፤ መምህሩን ብቻ ለምን አልሰማህም ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

እኒሁ መምህር መሣሪያውን አይጠሉም። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ግድም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፤ መጽሐፍ ማግኘት፤ ማስታወሻ መላክ ምን ያህል እንደ ከበዳቸው ያስታውሳሉ። ጠመኔውና ድምፃቸው አልተቋረጠም፤ ቢሆንም የመጽሐፍ ረኃብ አለ።

የልጄ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። በዞናችን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአውንጊ ለሚማሩ ሕፃናት መምህርት ትሆናለች ብለን እንጠብቃለን። ለአንደኛ ክፍል የሚሆን ተረት አዘጋጂ በተባለች ጊዜ፤ ስልኩን በአውንጊ ብትጠይቀው ከአማርኛና ማንም ከማያውቀው ቃል ቀላቅሎ መለሰላት። ያን ጊዜ ወደ አያቷ ሄደች። እናቴም ተረቱን እየነገሯት፤ እርሷ መልሳ ስትነግራቸው ቃል በሳተች ቍጥር እያስቆሙ አረሟት። አሁን በየማታው ታናናሽ ወንድሞቿን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ትነግራቸዋለች። ያልገባቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ ትንሹ ፊቱን ወደ እሳቱ ያዞራል፤ እርሷም እዚያው ላይ ሰርዛ እንደገና ትጽፋለች። መምህሯ የሚሰሟት የፊታችን ሐሙስ ነው።